በባዩ ስም የገባው ስልክ

ባዩን የማያውቅ ሰው ቡታጅራ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ የአባቱን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። «ባዩ ምሰሶ» ነው የሚሉት። ረጅምና ቀጭን ነው፤ በዚያ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው ስልክ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ስለሆነ ስሙ በሁለት በኩል ገጥሞለታል። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ ከቆሼ ቆላ እስከ አረቅጥ ደጋ እሱ ያልወጣበት እንጨት አልነበረም። ክረምት ዛፍ ገንድሶ ሽቦ ሲበጠስ የሚጠራው ባዩ፤ አንዱ ጥጋበኛ ሽቦ ቆርጦ ለልብስ ማስጫ ሲወስድም የሚጠራው ባዩ። ቆላውን በላብ ደጋውን በብርድ እየረገመ፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኝ ኖሮ ጡረታ ወጣ።

እንዲህ ያለ ሰው ከገዛ ወዳጁ ጋር ሰባት ዓመት አንድ ቃል ሳይለዋወጥ መኖሩ የሚያስቅ ነገር ነው። ከተማው ግን አልሳቀበትም፤ ሁለቱንም ይወዳቸዋላ።

ወዳጁ ከድሮ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት በር ያላት ጠባብ ቤት ናት። በ1986 ዓ.ም. ለባዩ ቤት የስልክ ተራ ሲደርሰው፣ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተንጠልጥዬ የምውለው አንሶ ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቶ ሊጮህብኝ ነው?» አለና መስመሩን ራሱ ጎትቶ ለከድሮ ሱቅ አስገባለት። ስሙ ግን ሳይዞር ቀረ። ደግሞስ ወዳጅ ለወዳጁ የሰጠውን ነገር ፊርማ ምን ሊጨምርበት? ከድሮ በየወሩ በባዩ ስም ሄዶ ይከፍላል፤ አለቀ። ጣጣው የመጣው ኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ በሰፈሩ ሌላ ስልክ አልነበረም። መርካቶ የሚነግዱ የሰፈሩ ልጆች እናት አባታቸውን የሚያገኙት በከድሮ ስልክ ነበር። ከድሮ መልእክቱን ተቀብሎ ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ የበሩ ጀርባ ላይ ይጽፈዋል፦ «ለሽፋ እናት፣ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ይደወላል።» ባለጉዳዩ ሲመጣ ያነብለትና በመዳፉ ያብሰዋል። ከድሮ የማንንም ምሥጢር ያውቅ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ አልፎ ግን አንድም ቃል አልወጣም።

ለሁለቱ ሰዎች መኳረፍ ምክንያቱ አንድ በግ ነው ቢባል የሌላ አገር ሰው አያምንም። በቡታጅራ በዓል ለብቻ አይበላም። መስቀል ሲመጣ ክርስቲያኑ ለራሱ ከሚያርደው ሌላ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ አንድ በግ ለይቶ ያስራል፤ ያን በግ የሚያርደው ደግሞ ሙስሊም ወዳጁ ነው። ዓረፋ ሲሆን ተራው ይገለበጣል። በዚያ ቀን ቢላዋ ይዞ የሚገባ ሰው እንግዳ አይባልም፤ የቤቱ ሰው ነው። በባዩ ግቢ ቢላዋው ለአሥራ አምስት ዓመት የከድሮ ነበር። ከድሮ ያርዳል፣ ባዩ የበጉን እግር ይይዛል። ማንም በዚህ አይገባባቸውም።

በ2002 መስቀል ከድሮ ዘገየ። የዘገየበትን ምክንያት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የበኩር ልጁ ራምዚ ባለፈው ዓመት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጥቷል። ናይሮቢ ሲደርስ አንዴ ደወለ፤ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የሱቁን ብቻ ነበር። «ለኢድ እደውላለሁ፣ አባዬ» አለ። ኢድ መጣ፣ አልደወለም። ከድሮ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከስልኩ አጠገብ መነሳት አቃተው። መስቀል የዋለው በሳምንቱ ነበር፤ ባዩ ሰው ቢልክበት «ስልክ እየጠበቀ ነው፣ መጣሁ ብሏል» የሚል መልስ መጣ። ቀኑ ተጋመሰ። እንግዶቹ ግድግዳ ግድግዳ ማየት ጀመሩ። ባዩ ጠላው ራሱ ላይ ወጥቶ፣ ደግሞም አፍሮ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ «የማይደወል ስልክ ሲጠብቅ ይክረም እንግዲህ!» አለና ጎረቤቱን ሀቢቡን «እረድልኝ» አለው።

ከድሮ በዚያች ሰዓት የግቢው በር ላይ ነበር። ቢላዋውን እንደ ልማዱ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ሰማ። ዞሮ ሄደ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ባዩ በነጋታው ሽማግሌ ላከ፤ ከድሮ ግን «መች ተጣላን?» ብሎ በትሕትና መለሳቸው። አልተጣላሁም የሚልን ሰው ደግሞ ምን ብለው ያስታርቁታል? ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ ሁለቱም በየቤታቸው ቀሩ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዓረፋ ሲደርስ ባዩ በማለዳ ተነስቶ ጓሮው እንሰት መሀል ገባና ሞባይሉን አወጣ። «እንኳን አደረሰህ፣ ይቅር በለኝ» ሊል ነው። የሱቁን ቁጥር መታ። «ሄሎ» አለ ከድሮ። ባዩ ያሰበውን ሳይል ዘጋው።

በዓመቱም ደግሞ ሞከረ። በዚህኛው ጊዜ ሳይዘጋ ትንሽ ቆየ፤ ቃል እየፈለገ ነበር። የከድሮ ስልክ የደዋዩን ቁጥር የማያሳይ፣ የድሮው ጥቁር ስልክ ነው። ከወዲያ በኩል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ፦ «ራምዚ? ... አምናም አንተ ነበርክ አይደል? ... መናገር ካልተመቸህ አትናገር ልጄ። ደህና መሆንህን አወቅኩ፣ ይበቃኛል። እናትህ ደህና ናት።»

ባዩ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወለተ ሐና፣ ሚስቱ፣ ሱሪውን አይታ ምን ነካህ ብትለው አዳለጠኝ አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዩ ወጥመድ ውስጥ ገባ። እውነቱን ቢናገር የሰውየውን ተስፋ በገዛ እጁ መግደሉ ነው። መደወሉን ቢተው ደግሞ ዓረፋ ሲያልፍ ከድሮ ልጄ ሞተ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ደወለ። ታይፎይድ ይዞት አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት እንኳን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ደውሏል። ይደውላል፣ ዝም ይላል፣ ከድሮ ያወራል። ሰርግ ነበር፣ ዛህራ ኮሌጅ ጨረሰች፣ እናትህ ዓይኗን ታማ ተሻላት። ባዩ ይህን ሁሉ ይሰማና ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባል። አንዳንዴ «እኔ ብሞትስ ማን ይደውልለታል?» ብሎ ያስባል። ስለ ሞቱ ሲያስብ ሌላው ሰው ስለ ነፍሱ ይጨነቃል፤ ባዩ የሚጨነቀው ስለ ዓረፋ ስልክ ነበር።

በ2008 ክረምት፣ ነሐሴ መባቻ ላይ፣ የከድሮ ልጅ ዛህራ ጥላ ይዛ የባዩን በር አንኳኳች። ዛህራ በአባቷ ሱቅ ግማሹን ክፍል ይዛ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራለች፤ ኢንተርኔቱም የሚመጣላት በዚያው በድሮው የስልክ ሽቦ ነው።

«ጋሽ ባዩ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አልቀመጥም» አለች። «ፋይበር በመንገዳችን አልፏል። በእኔ ንግድ ፈቃድ ላስገባ ስል መጀመሪያ አሮጌው ስልክና ኢንተርኔት ይቋረጥ አሉኝ። መስመሩ ደግሞ በእርስዎ ስም ነው። መታወቂያዎን ይዘው መጥተው ካልፈረሙ አይሆንም።»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩ ይጠፋል። አዲሱ በሌላ ስም ስለሆነ አይዞርም።»

«አባትሽ ምን አለ?»

ዛህራ ዓይኗን ጥላዋ ላይ ተከለች። «እምቢ አለ። ራምዚ በየዓረፋው ይደውልልኛል ይላል። እኔ ስንቴ ነገርኩት፣ የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል ብዬ። አይሰማም። በዚህ ዘገምተኛ መስመር ደግሞ አንድ ፎርም ለመላክ ግማሽ ቀን እቆማለሁ፤ ደንበኞቼ ወደ ሌላው እየሄዱ ነው፣ ሱቁን ልዘጋ ነው ጋሽ ባዩ።» ቀና አለች። «ግን ፊርማው የእርስዎ ነው። አባዬ ባያውቅም ይሆናል።»

እንግዲህ ባዩ ሰው ነው፤ መልአክ አይደለም። ልቡ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቀላሉ ነበር። ይፈርማል፣ ቁጥሩ ይጠፋል፣ የሚደወልበት ስለሌለ አይደወልም። ከድሮም ልጄ ሞተ አይልም፤ ስልኬን ቆረጡብኝ ይላል እንጂ። ውሸቱ ያለ ማንም ምስክር ይቀበራል። ሰባት ዓመት የተሸከመው ነገር በአንድ ፊርማ ከጫንቃው ይወርዳል። ለአንድ አፍታ በጣም ደስ አለው፤ ከዚያ በደስታው አፈረ።

«ቆይ፣ ካፖርቴን ልልበስ» አላት።

ዛህራ ወደ ስልክ ቢሮው የሚሄዱ መስሏት ነበር። ባዩ ግን አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ። «ጋሽ ባዩ፣ ቢሮው እኮ በዚህ ነው» ብትለው «አውቃለሁ፣ እንጨቱን የተከልኩት እኔ ነኝ» አላትና መንገዱን ቀጠለ። በመንገድ ላይ የሚናገረውን ያዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ያስረዳል፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

ከድሮ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። ባዩን ሲያይ እግሩ መርገጫው ላይ እንዳለ ቆመ። ሸብቷል፤ መነጽሩ በክር ታስሯል። ጥቁሩ ስልክ ከመኪናው ጎን ንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ከበሩ ጀርባ ጠመኔው ከጠፋ ቆይቷል።

«ልትቆርጠው መጣህ?» አለ ከድሮ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ባዩ አፉን ከፈተ። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀው ነገር አንዱም አልመጣ አለው። ዛህራ አንዴ አባቷን አንዴ እሱን ታያለች። በመጨረሻ ባዩ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሞባይሉን አወጣ፣ ቁጥሩን መታ።

ጥቁሩ ስልክ ጮኸ።

ከድሮ ደነገጠ፤ ዓረፋ ገና ወር አለው። እጁ ግን ከሐሳቡ ቀድሞ እጀታውን አነሳ። «ሄሎ?» አለ። ባዩ እንደ ልማዱ ዝም አለ። «ሄሎ? ... ራምዚ?» ድምፁ ለባዩ በአንድ ጆሮው በስልኩ፣ በሌላው ጆሮው ከሁለት እርምጃ ላይ በአየር መጣለት።

«እኔ ነኝ፣ ከድሮ» አለ ባዩ። «እኔ ነበርኩ።»

ከድሮ ዞሮ አላየውም። እጀታውን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘው። ከዚያ እዚያው በስልኩ ውስጥ ጠየቀ።

«ያምናውም?»

«ያምናውም።»

«የካቻምናውም?»

«ሁሉም። ሰባቱም።»

«እናትህ ታማለች ብዬ የነገርኩት ...»

«እኔ ነኝ የሰማሁት። መጀመሪያ ይቅርታ ልል ነበር የደወልኩት። ራምዚ ስትለኝ ... መተው አቃተኝ፣ ከድሮ። ብተው ሞተ ትላለህ ብዬ ፈራሁ።»

ዛህራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቆማለች። ከድሮ እጀታውን ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቦታው መለሰው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ውጣልኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ባዩ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ዛህራ ደወለች። «አባዬ ‹ይፈርም› ብሏል» አለች። ባዩ መታወቂያውን ይዞ ሄደ። ቢሮው ውስጥ ጸጥ ያለች ወጣት ሠራተኛ ቅጹን ሰጠችው። ስም፣ ቁጥር፣ የሚቋረጥበት ምክንያት። ምክንያቱ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ወደ ፋይበር ስለሚቀየር ይበሉ» አለችው ዛህራ። እንዳለችው ጻፈና ፈረመ። ዛህራ ከሱቁ ያመጣችውን አሮጌ ሞደም አስረከበች፤ ነገሩ አንድ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች መሰላል አቁመው ከምሰሶው ወደ ሱቁ የሚሄደውን ሽቦ አወረዱት። ባዩ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ቆሞ ያያል። በ1986 በገዛ እጁ የወጠረው ሽቦ ነው፤ ሃያ ሁለት ክረምት አልፎበት አንድም ቦታ አልተቀጠለም። አንዲት ክንድ የምታህል ቁራጭ ለመናቸው። ልጆቹ ሳቁና ሰጡት፤ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

በመስከረም ሁለት ዓረፋ ሆነ። ባዩ እንደ ልማዱ በማለዳ ተነስቶ እንሰቱ መሀል ገባ፣ ሞባይሉንም አወጣ። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ቁጥሩን መታ። አገልግሎት ላይ የማይውል ቁጥር መሆኑን የተቀዳች ሴት ድምፅ ነገረችው። ሦስቴ አዳመጣት። ከድሮ ቤት ድረስ ቢሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር፤ ግን «ውጣልኝ» ያለው ድምፅ እግሩን ያዘው።

መስቀል በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣ። ባዩ እንደ ሁልጊዜው ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ገዝቶ አሰረ። እነ ሽፋ፣ እነ ሰይዶ መጡ። ሀቢቡም መጣ፤ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ሲያርድ የኖረው እሱ ነው።

«ልረደው?» አለ ሀቢቡ ቢላዋውን እየሳለ።

«ቆይ» አለ ባዩ።

ረፋዱ አለፈ። ሀቢቡ ሁለተኛ ጠየቀ፤ «ቆይ» አለው። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ልጆች ማልቀስ ጀመሩ፤ እንግዶቹ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተው ጨረሱና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ወለተ ሐና ከጓዳ ወጥታ ባሏን በጆሮው «አንተ ሰውዬ፣ ሰዉን በረሃብ ልትጨርሰው ነው? የማይመጣ ሰው ስትጠብቅ ...» ብላ ጀመረችና ምን እያለች እንደሆነ ስታውቅ አቋረጠች።

«ይጠበቃል» አለ ባዩ። ዓይኑ የግቢው በር ላይ ነው። ከድሮ ያን ሁሉ ዓመት ከስልኩ ጎን ተቀምጦ የሚሰማው ምን እንደነበር ያን ቀን ገባው፤ በሩ በተነቃነቀ ቁጥር የሚነሳውና መልሶ የሚቀመጠው ተስፋ። ያን በመሰለ ነገር ነው ጠላ ጠጥቶ የቀለደው። ገና አሁን፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከልቡ አለቀሰ፤ እንግዳም እያየው።

በሩ የተከፈተው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ከድሮ ገባ። ቢላዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ሀቢቡ የራሱን ቢላዋ ወደ ሰገባው መለሰ።

«ዘገየሁ» አለ ከድሮ።

«አልዘገየህም።»

ከድሮ ቀረብ አለ። «ዓረፋ ዕለት ስጠብቅ ዋልኩ።»

«ራምዚን?» አለ ባዩ።

«ራምዚንማ በምን ልጠብቀው? ስልኩ የት አለና። አንተን ነው።»

«ውጣልኝ ብለኸኝ ...»

«ውጣ አልኩህ እንጂ አትመለስ አልኩህ?» አለ ከድሮ። «ሰባት ዓመት በሽቦ ስትመጣ ኖረሃል። ሽቦው ሲቆረጥ እግርህም አብሮ ተቆረጠ?»

ከድሮ ጨርቁን ቀስ ብሎ ፈታ። «ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ልጄን እንደ አዲስ አጣሁት። ደህና ነው የሚለኝ የለም ከእንግዲህ።»

«ደህና ነው ልልህ አልችልም» አለ ባዩ። «አብሬህ ግን እጠብቃለሁ።»

ከድሮ በመነጽሩ ሥር ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። በጉን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ ባዩን አየ።

«በል እግሩን ያዝ» አለው።

ባዩ ተንበርክኮ ያዘ።